«ጳጳስ» በጰ፣ «ፖለቲካ» በፐ

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት እናት ነው። እንዲህ ይላል፦ «የሰባተኛ ክፍል ልጄ መምህሩ ‹ጳጳስም ፖለቲካም ከግሪክ የመጡ ቃላት ናቸው› ብለው እንዳስተማሩት ነገረኝ። ቀጥሎም ‹ሁለቱም ከአንድ ቋንቋ ከመጡ ለምን አንዱ በጰ፣ ሌላው በፐ ይጻፋል?› ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። ደግሞስ ሰው ሁሉ ከግሪክ ናቸው የሚላቸው የሃይማኖት ቃላት በእርግጥ ከዚያ የመጡ ናቸው?»

ልጅዎን ያመስግኑልኝ። የግዕዝ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ጰ እና ፐ ለምን ሁለት ሆኑ ብለው የጠየቁኝ ተማሪዎች ግን ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። መምህሩ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ሁለቱም ቃላት የግሪክ ናቸው። ነገር ግን «ጳጳስ» ወደ አገራችን የገባው በአክሱም ዘመን፣ በቀይ ባሕር ንግድና በመጻሕፍት ትርጉም ነው። «ፖለቲካ» የገባው በቅርቡ ዘመን ነው፤ መልኩም የጣልያንኛ ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሺህ ዓመት እጅግ የሚበልጥ ጊዜ አለ። ፊደላችን ይህን የጊዜ ርቀት ይዞ አቆይቶታል፤ አንድ የግሪክ ቃል በየትኛው በር እንደገባ ብዙ ጊዜ ከአጻጻፉ ብቻ መለየት ይቻላል።

ከመጀመሪያው በር እንነሣ። ግሪክኛ በአክሱም የእንግዳ ቋንቋ ብቻ አልነበረም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ በዚህ አካባቢ ይገዛ ስለነበረው ስለ ዞስካሌስ ሲናገር የግሪክ ፊደል የተማረ መሆኑን ይመሰክራል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያስቀረጸው ንጉሥ እንዱቢስ በሳንቲሞቹ ላይ ስሙንና ማዕረጉን ያስጻፈው በግሪክኛ ነው፤ «ባሲሌውስ አክሶሚቶን»፣ የአክሱማውያን ንጉሥ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ንጉሥ ዒዛና የድል ጽሑፉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ አንዱን ነገር በግዕዝ፣ በሳባውያን ፊደልና በግሪክኛ አስጻፈው። «ባሲሌውስ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስ ስማቸው ከዚሁ ቃል የወጣ ነው፤ ንጉሣዊ ማለት ነው።

ክርስትና የቤተ መንግሥቱ እምነት ሲሆን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ተርጓሚዎቹ የገጠማቸውን ችግር ለአንድ አፍታ አብረን እናስብ። ከደቡብ ዓረቢያ በወረስነው ፊደል ውስጥ የ«ፕ» ድምፅ አልነበረም። ግሪክኛው ግን ገና ከመግቢያው ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ፊልጶስ እያለ ይመጣል። መፍትሔው ሁለት አዲስ ፊደላት መጨመር ሆነ። ቆጥረው ካስተዋሉ ጰ በግዕዙ ሀ ሁ 22ኛ ሆኖ በጠ እና በጸ መካከል ገብቷል፤ ፐ ደግሞ 26ኛና የመጨረሻው ሆኖ ጭራ ላይ ተቀምጧል። ሕፃን ሆነን ፊደል ስንቆጥር በረጅሙ ስበን የምንጨርሰው ያ ፐ ከግሪክ ቃላት ጋር የመጣ እንግዳ ነው። ቁጥራችንም እንዲሁ። ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ የግሪኮቹ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ ናቸው። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበርና መቶን የሚጽፉት በ«ሮ» ፊደል ነበር፤ የእኛም ፻ ያው ነው። ግድግዳዎ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየወሩ ሠላሳ የግሪክ ቁጥር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ ልብ እንግባ። ግሪኮች የ«ፕ»፣ የ«ት» እና የ«ክ» ድምፅ ሁለት ሁለት ዓይነት ነበራቸው። አንዱ ዓይነት ትንፋሽ የሌለው ደረቅ ነው፤ ሌላው ትንፋሽ የሚከተለው ነው። እኛም ሁለት ዓይነት አለን። እጅዎን ከአፍዎ ፊት አድርገው «ተ» ይበሉ፤ ትንፋሹ መዳፍዎን ይነካዋል። «ጠ» ሲሉ ግን መዳፍዎ ምንም አይሰማውም። የአክሱም ተርጓሚዎች ጆሮ ይህን ለየ። ትንፋሽ የሌለውን የግሪክ ድምፅ በጰ፣ በጠ እና በቀ ጻፉት፤ ትንፋሽ ያለውን በፈ፣ በተ እና በከ ጻፉት። ሳይንሳዊ መሣሪያ ሳይኖር፣ በጆሮ ብቻ የተሠራ ሥራ ነው፤ ትክክለኛነቱን ባሰብኩ ቁጥር አደንቀዋለሁ።

ማስረጃው በየቤታችን በሚጠሩ ስሞች ውስጥ ነው። «ጢሞቴዎስ» ውስጥ ሁለት «ት» አለ። የመጀመሪያው ደረቁ የግሪክ ፊደል ታው ስለሆነ ጢ ተብሎ ተጻፈ፤ ሁለተኛው ትንፋሻሙ ቴታ ስለሆነ ቴ ተብሎ ተጻፈ። «ፊልጶስ» ውስጥም ሁለት «ፕ» መሰል ድምፅ አለ፤ አንዱ ፊ፣ ሌላው ጶ ሆነ። «እስጢፋኖስ»ም እንዲሁ ጢ እና ፋን አንድ ላይ ይዟል፤ ትርጉሙ አክሊል ነው። ማርቆስና ሉቃስ በቀ ሲጻፉ «ክርስቶስ» በከ የተጻፈው የግሪኩ ፊደል ትንፋሻሙ «ኪ» ስለሆነ ነው። ቴዎድሮስ፣ ማቴዎስ፣ ቶማስ በተ ናቸው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው የመጀመሪያው ጳጳሳችን በግሪክኛ የሚጠሩበት ስም ፍሬምናጦስ ተብሎ ሲጻፍ ፈ እና ጠ በየቦታቸው ተቀመጡ። ከሁሉ በላይ ግን «ኢትዮጵያ» አለች። ግሪኮች ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ የሚመስላቸውን ሕዝቦች «አይቲዮፕስ» ይሉ ነበር፤ «አይቶ» ማቃጠል፣ «ኦፕስ» ፊት ነው። ቴታው ት ሆነ፣ ፒው ጵ ሆነ። ለዚህ ነው አገራችንን በጵ የምንጽፋት። «ኢትዮፒያ» ተብሎ የተጻፈ ሰሌዳ ባየሁ ጊዜ የሚያሳዝነኝ የሆሄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአባቶቻችን ጆሮ የለየውን እኛ መልሰን ስናደበላልቀው ነው።

ስለዚህ «ፖለቲካ» በአክሱም ዘመን ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር? «ጶሊጢቃ»። ፒው ጰ፣ ታው ጠ፣ ካፓው ቀ ይሆን ነበር። ግን የመጣው በአውሮፓውያን አፍ ስለሆነ በፐ፣ በተና በከ ተጻፈ። ልጅዎ ይህን ቢረዳ ዋናውን ነገር ጨብጧል።

ሁለቱ በሮች መኖራቸው በግልጽ የሚታየው አንዱ ቃል በሁለቱም ሲገባ ነው። «ጳጳስ» ራሱ አንዱ ነው። መነሻው «ፓፓስ»፣ ሕፃናት አባታቸውን የሚጠሩበት ቃል ነበር። የሮማውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጋዜጦቻችን «ፖፕ» ሲሉ ያንኑ ቃል በአዲሱ በር መልሰው እያስገቡ ነው። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ሆምጣጤ የተነከረበት «ሰፍነግ» የግሪኮቹ «ስፖንጎስ» ነው፤ አቴናውያን «ስፎንጎስ» ይሉት ነበርና የግዕዙ ፍ ከዚያ ነው። ዛሬ ሱቅ ሄደን «ስፖንጅ» ስንል ያው ቃል በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መጣ። «ዝናር» የቄሱ የወገብ መታጠቂያ ነው፤ የአርበኛው የጥይት መታጠቂያም ነው። መነሻው የግሪኩ «ዞናሪዮን»፣ ትንሽ መቀነት፣ ከ«ዞኔ» የወጣ ቃል ነው። ግሪኮች ምድርን እንደ መቀነት የሚከቡትን የአየር ጠባይ ክፍሎችም «ዞኔ» ብለዋል፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉ ክልል የሚል ትርጉም ያዘና ዛሬ በወረዳና በክልል መካከል ያለውን አስተዳደር «ዞን» እንላለን። የዞኑ አስተዳዳሪና የአርበኛው ዝናር ዘመዳማቾች ናቸው።

በጣም የምወደው ግን የጳጳሱና የላቦራቶሪው ዝምድና ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» ለሁለት ከፍለን የምንጽፈው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ግሪኩ «ኤጲ» እና «ስቆጶስ» ነው፤ «ኤጲ» በላይ፣ «ስቆጶስ» ተመልካች። ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። ያ ሁለተኛው ክፍል በአዲሱ በር ሲገባ «ስኮፕ» ሆነ፤ ማይክሮስኮፕ ትንሹን መመልከቻ፣ ቴሌስኮፕ የሩቁን መመልከቻ። ቆጶስና ስኮፕ አንድ ናቸው።

«ዲያቆን» አገልጋይ ነው፤ በተለይም ማዕድ የሚያቀርብ አገልጋይ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ሐዋርያት ቃሉን ትተን ማዕድ እናገለግል ዘንድ አይገባንም ብለው ሰባት ሰዎች ሲያስመርጡ፣ ግሪክኛው የሚጠቀምባቸው ሁለት ቃላት «ዲያኮኔይን» እና «ትራፔዛ» ናቸው። ትራፔዛ የእኛ «ጠረጴዛ» ነው። ጠ እና ጴ ሕጉን ጠብቀው ተቀምጠዋል። ቃሉ ሲፈታ አራት እግር ያለው ማለት ነው። ከሰባቱ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነበር። ስለዚህ በዚያች አንዲት ታሪክ ውስጥ ዲያቆን፣ ጠረጴዛና እስጢፋኖስ በአንድነት አሉ፤ ሦስቱም ዛሬ አማርኛ ናቸው። በነገራችን ላይ ግሪክ አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ በየባንኩ በር ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ገንዘብ ለዋጮች በጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ስለነበር ቃሉ ባንክ የሚል ትርጉም ያዘ።

የገዳሙ ቃላትም ከዚያው ናቸው። «ሞናኮስ» ብቸኛ ማለት ነው፤ «መነኮስ» ሆነና እንደ አገር ቃል ተረባ፦ መነኮሰ፣ ይመነኩሳል፣ ምንኩስና፣ መነኩሴ፣ መነኮሳት። ባዕድ ቃል ግስ ሆኖ እንዲህ ሲረባ ዜግነቱን አግኝቷል ማለት ነው። መነኩሴው የሚቀበለው «አስኬማ» የግሪኩ «ስኬማ» ነው፤ መልክ፣ አለባበስ ማለት ነው። «ሲኖዶስ» ደግሞ «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ ነው፤ በአንድ መንገድ መሰብሰብ። «ወንጌል» የምሥራች፣ «ጰራቅሊጦስ» አጽናኝና ጠበቃ፣ «ጴንጤቆስጤ» ሃምሳኛው ቀን ነው። «ዲያብሎስ» ከሳሽ፣ ስም አጥፊ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉት የዕለት ቃላት ብዙ ሰው አያስተውላቸውም። «ሰሌዳ» የግሪኩ «ሴሊስ» ነው፤ በሌላ መልኩ ሲረባ «ሴሊዳ» ይሆናል፤ የመጽሐፍ ገጽ ማለት ነው። ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ፣ የመኪና ሰሌዳ እንላለን። «ቀለም» ከ«ካላሞስ» ጋር አንድ ነው፤ ሸምበቆ ማለት ነው። ሸምበቆው ተቀርጾ መጻፊያ ሆነ፣ መጻፊያው የሚነከርበት ስሙን ወረሰ፣ ከዚያም ቀለም ማለት ዕውቀት ራሱ ሆነ። የቀለም ትምህርት እንላለን፣ አዋቂውን የቀለም ቀንድ እንለዋለን። ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ሸምበቆ እስከዚህ መድረሱ ያስደንቀኛል። በራእይ 21 ከከተማይቱ መሠረቶች ስምንተኛው ዕንቍ «ቢረሌ» ይባላል፤ ግሪኩ «ቤሪሎስ» ነው፤ እሱም ከሕንድ የተበደረው ነው። የጠጁን ብርሌ ከዚህ ቃል ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ እኔም አሳማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ።

እስካሁን ሁለት በር ብያለሁ፤ በእውነቱ መካከል ላይ ሦስተኛ አለ፤ እሱም ግብፅ ነው። ጳጳሶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ ይላኩ ነበር። ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮም ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሰዋል። በዚህ በር የገባው የግሪክ ቃል መጀመሪያ በቅብጥ፣ ማለትም በግብፅ ክርስቲያኖች የቀድሞ ቋንቋ፣ እና በዐረብ አፍ ስላለፈ የአክሱሙን ሕግ አይጠብቅም። ዐረብኛ «ፕ» የለውም፤ ስለዚህ ፒው ብ ወይም ፍ ይሆናል። ይህን ለመስማት የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን መገኘት ይበቃል። ሕዝቡ እየሰገደ «ኪርያላይሶን» ይላል፤ የግሪኩ «ኪሪዬ ኤሌይሶን»፣ አቤቱ ማረን ነው። ቀጥሎ «እብኖዲ ናይን» ሲባል ሁለቱም የቅብጥ ቃላት ናቸው። «ታኦስ ናይን» ሲባል የመጀመሪያው ግሪክ፣ ሁለተኛው ቅብጥ ነው። «ትስቡጣ ናይን» ሲባል ደግሞ «ትስቡጣ» የግሪኩ «ዴስፖታ» ነው፤ ጌታ ሆይ ማለት ነው። ዴው ት ሆነ፣ ፒው ብ ሆነ። የግብፃውያንን አፍ እዚያው ቃሉ ላይ ይሰሙታል።

«ዴስፖቴስ» ለግሪኮች መጀመሪያ የቤት ጌታ፣ የባሪያ አሳዳሪ ነበር። ቃሉ ሁለት መንገድ ሄደ። በአንዱ መንገድ እኛ በስቅለት በግንባራችን ተደፍተን ጌታን የምንማጸንበት ጸሎት ሆነ፤ በሌላው መንገድ የአውሮፓ ፖለቲካ ጸሐፊዎች ጨቋኝ ገዢን «ዴስፖት» ብለው የሚጠሩበት ስድብ ሆነ። አንድ ቃል በመቅደስና በአደባባይ እንዲህ ሲለያይ ሌላ ምሳሌ አላስታውስም።

በግብፅና በዐረብ በኩል ከመጡት «ስንክሳር» አንዱ ነው፤ ግሪኩ «ሲናክሳሪዮን» ነው። የገጠር ቤት መብራት የነበረው «ፋኖስ»ም የግሪኩ «ፋኖስ» ነው፤ በዐረብኛው «ፋኑስ» በኩል። ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ የምትሠራ እህታችን ደመወዟን የምትቀበልበት «ድርሃም» የግሪኩ «ድራክሜ» ነው፤ ትርጉሙ እፍኝ ነው። በሉቃስ ወንጌል አሥር ድሪም የነበራት ሴት አንዱ ጠፍቶባት ቤቷን ጠርጋ እንደፈለገችው ይነገራል፤ የሴቲቱ «ድሪም»ና የእህታችን «ድርሃም» አንድ ቃል ናቸው። ፈላስፎቹም እንዲሁ ናቸው። የግዕዝ መጻሕፍት «አርስጣጣሊስ»ና «አፍላጦን» ይሏቸዋል፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን «አርስቶትል»ና «ፕላቶ»። ሰዎቹ አራት አይደሉም፤ ሁለት ናቸው።

ወደ ፖለቲካው ልምጣ። «ፖሊስ» ለግሪኮች ከተማ ነበር፣ ከተማም አገርም በአንድነት። በመጽሐፍ ቅዱሳችን «አሥር ከተማ» ተብሎ የተተረጎመው የቦታ ስም በግሪኩ «ዴካፖሊስ» ነው። ከዚህ ቃል የከተማን ጉዳይ የሚመለከት «ፖሊቲኮስ» ወጣ፤ «ፖለቲካ»ም ከሱ። የከተማ አስተዳደር የሚለው «ፖሊቴያ» በላቲንና በፈረንሳይኛ ዞሮ «ፖሊስ» ሆነ፤ የእኛ ፖሊስና የግሪኮቹ ፖሊስ አጻጻፋቸው መግጠሙ ከዚህ የተነሣ ነው። የመንግሥት «ፖሊሲ»ም የዚሁ ልጅ ነው። የመድን ድርጅቶች «ፖሊሲ» ግን ሌላ ነው፤ እሱ «አፖዴይክሲስ»፣ ማረጋገጫ፣ ከሚለው የግሪክ ቃል በጣልያንኛ በኩል የወረደ ነው።

«ዲሞክራሲ» የ«ዴሞስ» እና የ«ክራቶስ» ጥምር ነው፤ የሕዝብ ሥልጣን። ሁሉም ይህን ያውቃል። «ዴሞስ» ግን ሕዝብ ብቻ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ገደማ ክሌይስቴኔስ የአቴናን አስተዳደር እንደገና ሲያዋቅር አገሪቱ በ139 ትንንሽ «ዴሞስ» ተደራጀች። ማንኛውም ዜጋ በአንዱ ውስጥ ይመዘገባል፤ ከስሙ ቀጥሎም የሚጠራው በዴሞሱ ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቀበሌ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሹማምንት በምርጫ ሳይሆን በዕጣ ይመደቡ ነበር። ሴቶች፣ ባሮችና ከውጭ የመጡ ነዋሪዎች ግን ቦታ አልነበራቸውም፤ ቃሉን ስናከብር ይህንም ማወቅ አለብን። የዜጎቹ ሸንጎ «ኤክሌሲያ» ይባል ነበር። ክርስቲያኖች ለማኅበራቸው ስም ሲፈልጉ የወሰዱት ይህን የሸንጎ ቃል ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ግን አልተበደሩትም፤ «ቤተ ክርስቲያን» አሉ።

«አናርኪስት» የሚለውን ደግሞ በደርግ ዘመን የኖሩ ወላጆች በደንብ ያስታውሱታል። «አን» አልባ፣ «አርኮስ» አለቃ ነው፤ አለቃ የሌለው። በዚያ ዘመን በሬዲዮ ኢሕአፓን ለማውገዝ ሲደጋገም ትርጉሙን ሳያውቅ የፈራው ሰው ብዙ ነበር። አንድ ቃል ትርጉሙ ሳይታወቅ ሰው ሊያስገድል እንደሚችል ያየን ትውልድ ስለሆንን፣ ልጆች የቃልን ሥር ሲጠይቁ ደስ ይለኛል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዎ፤ ሁሉም ከግሪክ ነውን? አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይነገራል። «ሃይማኖት»፣ «ኦሪት»፣ «ታቦት»፣ «ጣዖት» የግሪክ አይደሉም፤ ከአራማይክ የመጡ ናቸው። «ቄስ» ከሶርያውያን ነው፤ ሽማግሌ ማለት ነው። «ገሃነም» ሥሩ ዕብራይስጥ ነው። ከፖለቲካው ወገን «ሪፐብሊክ» ላቲን ነው። «ሆስፒታል»ም ላቲን ነው፤ «ክሊኒክ» ግን ግሪክ ነው፣ «ክሊኔ» አልጋ ማለት ነውና። «ባንክ» በጣልያንኛ የመጣ የአግዳሚ ወንበር ስም ነው።

ሌላም አለ። ግሪኩ ፊታቸው እያለ አባቶች ያልተበደሩት፣ በገዛ ቃላቸው የመለሱት። «አፖስቶሎስ» የተላከ ነው፤ እነሱ «ሖረ»፣ ሄደ፣ ከሚለው ግስ «ሐዋርያ» አሉ። «ማርቲስ» ምስክር ነው፤ በእምነቱ የሞተውም እንዲሁ ተጠራ። እነሱ ምስክር የሚለውን የግዕዝ ቃል ወስደው «ሰማዕት» አሉ፤ ቁርጥ ያው ትርጉም ነው። የሚያስገርመው የማርቲስ ዘመድ «ማርቲሪዮን» በሌላ መንገድ ራሱ ገብቷል። የሙሴ ድንኳን በግሪኩ የምስክር ድንኳን ይባል ነበርና «መርጡል» የሚለው ቃል ለድንኳኒቱና ለቤተ መቅደስ ሆነ። ጎጃም ያለችው መርጡለ ማርያም ስሟ ይህ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት ደግሞ «ካቶሊኬ» የሚለውን «እንተ ላዕለ ኵሉ» ብለው ተረጎሙት። «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ራሱ የገባው በኋላ፣ በአውሮፓ በር ነው። በከ እና በተ መጻፉን ያዩታል። እርግጥ ይህ ቃል በአክሱም ዘመን ቢገባ ኖሮ «ቃቶሊቅ» ይሆን ነበር፤ ካፓው ቀ፣ ቴታው ግን ያው ት።

ሕጉን የማይጠብቁትንም መደበቅ አይገባኝም። «ፋሲካ» በሕጉ «ጳስካ» መሆን ነበረበት፤ ፒው ግን ፋ ሆኗል። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤልም የፔሳሕን በዓል «ፋሲካ» ይሉታል። ኦሪታቸው የግዕዝ ነው፤ የግዕዙ ኦሪትም ከግሪክኛ የተመለሰ ነው። ቃሉ ግን ሥሩ ዕብራይስጥ ስለሆነ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰው በግሪክ በኩል ዞሮ ነው። የጥንቱ «ክርታስ» ከግሪኩ «ካርቴስ» ሲሆን ጣ ሳይሆን ታ ይዟል፤ የዛሬው የይዞታ «ካርታ»ና «ካርቶን» ታናሾቹ ናቸው። «ሙዚቃ» ደግሞ አዲስ ቃል ሆኖ ሳለ እንደ ዐረብኛው «ሙሲቃ» በ«ቃ» ይጻፋል። ቋንቋ የሰው አፍ ነው፤ እንደ ሒሳብ አይሰላም። ቢሆንም ከአሥር ቃል ስምንት ዘጠኙን በዚህ መንገድ መለየት እንደሚችሉ ከልምዴ እነግርዎታለሁ።

ለልጅዎ አንድ የቤት ሥራ ልላክለት። የጳውሎስን መልእክት ይክፈትና ወደ «ፊልጵስዩስ» ሰዎች የተጻፈውን ያግኝ። ከዚያ ካርታ ላይ «ፊሊፒንስ»ን ይፈልግ። ከተማይቱ የተሰየመችው በመቄዶንያው ንጉሥ በፊልጶስ ነው፤ ደሴቶቹ የተሰየሙት በስፔኑ ንጉሥ በፊሊፕ ነው። የሁለቱም ስም ግሪክ ነው፤ ፈረስ ወዳድ ማለት ነው። አንዱ ለምን በጵ፣ ሌላው ለምን በፒ እንደተጻፈ አሁን እሱ ለእርስዎ ያስረዳዎት።